አሥራ አንድ ጉርሻ

ሣህሉ የእርሳሱን ጫፍ በምላጭ ቀረጸ፤ ፍርፋሪውን በመዳፉ ጠረገና ስድስተኛው ፖስታ ላይ «ለካፖርት ጠባቂ» ብሎ ጻፈ። በቀለም ያልጻፈው አውቆ ነው። እርሳስ በላጲስ ይጠፋል፤ ፖስታው ለሌላ ጊዜ ይሆናል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሐምሌ 1960 ዓ.ም.፣ ከስቶክሆልም አጠገብ ሶልና ውስጥ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት። በማግሥቱ ሣህሉ ከሚስቱ ከሮማነወርቅና ከአማቱ ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ጋር ከስቶክሆልም ወደብ መርከብ ተሳፍሮ፣ በደሴቶቹ መካከል አልፎ ማሪያሃምን የምትባል የወደብ ከተማ ደርሶ፣ እሑድ ሊመለስ ነው። ቲኬቱ ተከፍሏል። ሐሳብ የሆነበት ቲኬቱ ሳይሆን ከቲኬቱ በላይ ያለው ነገር ነበር።

ያስፈራራው ስዊድን አገር ዘጠኝ ዓመት የኖረው ጓደኛው ዘገየ ነው። «መርከብ ላይ በነጻ የምታገኘው አየር ብቻ ነው» ብሎታል። «እሱንም ወንበር ላይ ተቀምጠህ ከሳብከው ወንበሩ ይከፈልበታል። ብርድ ልብስ ከደረብክ ሌላ ነው። ካፖርትህን ካሰቀልክ ሌላ። አልጋ አንጣፊዋ፣ አስተናጋጁ፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ሁሉም ድሪክስ ይጠብቃሉ።»

ድሪክስ ስዊድኖች ለጉርሻ ያወጡለት ስም ነው፤ ከመጠጣት የመጣ ቃል ነው። ሣህሉ የሚማረው ስታቲስቲክስ ቢሆንም ቃል ይወድ ነበርና ነገሩ ገረመው። ያው አንድ ክሮና በስዊድንኛ ይጠጣል፣ በአማርኛ ይጎረሳል።

እንዲህ የሚጠነቀቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሮማነወርቅ ጋር የተጋቡት ከስምንት ወር በፊት እዚሁ ስቶክሆልም፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በሁለት ምስክር ነው። ሽማግሌ አልተላከም፣ ድንኳን አልተጣለም፣ እናት አልመረቀችም። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ከደብረ ብርሃን ድረስ የመጡት ልጃቸውን ያገባውን ሰው በዓይናቸው አይተው፣ ወይ መርቀው ወይ ሳይመርቁ ሊመለሱ ነው። ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አማቻቸውን «አቶ ሣህሉ» እና «አንቱ» ከማለት ዝቅ አላሉም። ለልጃቸው በየገበታው ያጎርሳሉ። የጎረቤት ውሻ ደረጃው ላይ ሲያገኙ እንኳ ቆርሰው ያቀምሳሉ። ወደ ሣህሉ አፍ ግን እጃቸው ተዘርግቶ አያውቅም። የሚመለሱት ማክሰኞ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ በዚያው ሰሞን ስዊድኖች አለቃውንም ሐኪሙንም አስተማሪውንም «አንተ» ማለት ጀምረው ነበር። ሮማነወርቅ ነርስ ሆና ከምትሠራበት ሆስፒታል በየቀኑ አዲስ ወሬ ታመጣለች፤ ዛሬ ዋናው ሐኪም ዘበኛውን አንተ አለው፣ ዘበኛውም መልሶ አንተ አለው። በአገሩ ሁሉ አንቱታ የቀረው በሣህሉ ወጥ ቤት ብቻ ይመስል ነበር።

ሮማነወርቅ ከሥራ ገብታ ነጭ ጫማዋን እያወለቀች የፖስታዎቹን ሰልፍ አየች።

«ስንት ሆኑ?»

«አሥራ አንድ ጉርሻ» አለ ሣህሉ። «ከዚያ በላይ አቅማችን አይችልም።»

«ለሁለት ቀን ይበቃል?»

«ከቆጠብነው ይበቃል። ቅዳሜ ሰባት፣ እሑድ አራት።»

«ቁርስ ላይስ?»

«ቁርስ ላይ ጉርሻ የለም። ዘገየን ጠይቄዋለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነጠላቸውን እያጣፉ ከመኝታ ክፍል ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ሰሙ። ፖስታዎቹ አልታዩዋቸውም፤ የሣህሉ ጀርባ ጋርዷቸዋል። ሆቴል ገብተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ጉርሻ ለእሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከገበታ ተጠቅልሎ በእጅ ወደ ሰው አፍ የሚገባ። እንግዲህ የልጃቸው ባል እህሉን በጉርሻ ቆጥሮ፣ ለሦስት ሰው ለሁለት ቀን አሥራ አንድ መድቦ፣ ቁርስን ጨርሶ ሲሰርዝ ሰሙት። ቀስ ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱና በሩን ዘጉ።

በማግሥቱ ጠዋት ካፖርታቸውን እየለበሱ ልጃቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ይህ ሰው ያበላሻል?»

«ምን ያበላሻል?»

«አንቺን ነዋ። እህል ያበላሻል ወይ?»

«ደመወዝተኛዋ እኔ ነኝ እኮ፣ እማዬ።»

«አንቺማ ገዝተሽ ታመጫለሽ። እሱ ሲበላ ዝም ብሎ ያይሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ሮማነወርቅ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ልጠው በመሐረብ ቋጠሩና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

መርከቡ ከስኬፕስብሮን ወደብ ተነሥቶ ጉዞ ጀመረ። ሣህሉ ፖስታዎቹን በደረት ኪሱ በቅደም ተከተል ደርድሮ ቢዘጋጅም እስከ እራት አንድም አልወጣለትም። ሻንጣ ተሸካሚው የለም፤ ሻንጣውን ራሱ ተሸከመ። አልጋ አንጣፊዋ አንጥፋ ሄዳለች። ወንበር አከራዩን ለማግኘት ሁለት ጊዜ መርከቡን ዞረ።

«ወንበር ላምጣልዎት፣ እሜቴ?»

«ይተዉት አቶ ሣህሉ፣ አይቸገሩ» አሉ፤ ቦርሳቸውን ሆዳቸው ላይ ይዘው፣ የመርከቡን አጥር ተደግፈው ቆሙ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለእራት ተጠሩ። ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። መካከል ላይ ስዊድኖች ስሞርጎስቦርድ የሚሉት፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ እየዞረ የሚያነሣበት ረጅም ገበታ ተዘርግቷል። ሳልሞኑ፣ ድንቹ፣ ሥጋው፣ እንደ ጨርቅ የሚጠቀለለው ስስ ዳቦ፣ ሁሉም ሞልቷል።

«የፈለጉትን ያህል ይብሉ፣ እሜቴ» አለ ሣህሉ። «ይህ ከቲኬቱ ጋር ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጥቂት ሳልሞንና ድንች አንሥተው ተቀመጡ፤ በዳቦው እየጠቀለሉ ሦስት ጊዜ ጎረሱና ጣታቸውን ጠርገው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ምነው፣ አልጣመዎትም?»

«ድርሻዬን በላሁ።»

«የምን ድርሻ?»

«የሚደርሰኝ ሦስት ነው። የሚተርፈውን ሁለት ለልጄ ትቼላታለሁ።»

ሣህሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሮማነወርቅ ትከሻዋን ሰበቀች። እሱ የማያውቀው ጾም መሰለው፤ ቅዳሜ በሦስት ጉርሻ የሚፈታ ጾም ግን ሰምቶ አያውቅም። የቀሩትን ቀናት ቆጠረ። እሑድ፣ ሰኞ፣ ከዚያ አውሮፕላን።

በዚህ መካከል አስተናጋጁ ሳህን ሊያነሣ መጣ። ረጅም፣ ነጭ ኮት የለበሰ፣ ደረቱ ላይ «ሩነ» የሚል ስም የለጠፈ ወጣት ነው። ሣህሉ ይህን ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያውን ፖስታ ከኪሱ አውጥቶ በሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አኖረ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም።

«የእሱ ጉርሻ ነው፣ እሜቴ።»

«የማን?»

«የአስተናጋጁ። አሥራ አንዱም ለመርከቡ ሠራተኞች ነው» አለና ደረቱን መታ መታ አድርጎ አሳያቸው።

ፖስታውን አነሡ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተው አዩት። ጠፍጣፋ ነው። ከትናንት ጀምሮ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ለቀቀና በቦታው ወደ ኀዘን የሚቀርብ ነገር መጣ።

«ለካ የራሳቸውን አፍ ዘግተው ለሰው ነው የሚያስቡት» አሉ ለልጃቸው። «ግን ጉርሻ በወረቀት ይሰጣል? ማን አሳደጋቸው?»

ሮማነወርቅ አሁን ገባትና ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ግን ዘገየች። እናቷ ፖስታውን ወደ ቦታው መልሰው ተነሥተዋል። ከብርጭቆው ውሃ በሳህን ላይ አፍስሰው እጃቸውን ታጠቡ፣ ስሱን ዳቦ ዘርግተው ሳልሞንና ድንች ከሰናፍጭ ጋር አደረጉበት፣ ጠቀለሉና ወደ ሩነ አፍ ዘረጉ።

«አፍህን ክፈት።»

ሣህሉ ልቡ ተነካ። ይህ ስዊድናዊ በተዋወቃቸው በደቂቃው አንተ ተባለ።

ሩነ በዓይኑ አለቃውን ፈለገ። በመርከቡ ደንብ ተሳፋሪ እምቢ አይባልም፤ አለቃውም ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ። ሩነ አፉን ከፈተ። አጎረሱት፤ ደገሙት፤ ሦስተኛውን ሊሸሽ ሲል በግራ እጃቸው ትከሻውን ይዘው ጨመሩለት። እያኘከ ቆመ። ዓይኑ እንባ ያዘለ ይመስል ነበር፤ ሰናፍጩ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም።

በአጠገቡ ጠረጴዛ የነበሩ አንዲት አሮጊት ይህን አይተው ተነሡና ከሩነ ኋላ ቆሙ። ስዊድን አገር ሰው ከሰው ኋላ ከቆመ ሰልፍ ነው። ሰልፍ ካለ ደግሞ የሚሰጥ ነገር አለ። ከአሮጊቷ ኋላ ባልና ሚስት ቆሙ፤ ከእነሱ ኋላ የሰባት ሰው የጡረተኞች ማኅበር። ማንም አልተጋፋም፣ ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ሰልፉ ደረጃው ጋ ሲደርስ ካፖርት ጠባቂው ሥርዓት እንዳይጓደል ሰግቶ የካፖርት ቁጥሮቹን ለሰው ያድል ጀመር።

የመርከቡ ሒሳብ ሹም መነጽሩን እያስተካከለ ወደ ሣህሉ መጣ። ይህ ከቲኬቱ ጋር ነው ወይስ ተጨማሪ ነው ብሎ ጠየቀ። ሣህሉ በሥራው ጠንቃቃ ሰው ነውና ለአማቱ ተረጎመላቸው።

«ዋጋው ስንት ነው ይላሉ፣ እሜቴ።»

«አፍ ካለው ይበቃል ይበሏቸው።»

ሣህሉ ይህንንም ተረጎመ። ሒሳብ ሹሙ ጽፎ ያዘውና ሄዶ ቁጥር ወሰደ።

ሣህሉ አሁን ሠራተኞቹን ሁሉ በአንድ ሰልፍ አገኛቸው። ፖስታዎቹን ይዞ እየጎረሱ ወደሚመለሱት ሄደ። አልጋ አንጣፊዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አመሰገነችው፤ ድሪክስ ወስጃለሁ አለችው። ካፖርት ጠባቂውም ወስጃለሁ አለ። ወንበር አከራዩ ሁለት ጊዜ መቀበል በመርከቡ ደንብ እንደማይፈቀድ በትሕትና አስረዳው። ሩነም የሳህኑን ጠርዝ ፖስታ መልሶ ሰጠው። አሥራ አንዱም እጁ ላይ ቀሩ።

ሚስቱ ክርኑን ነካችው። «ሂድ እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?»

«ተራ አለ» አለ ሣህሉ።

«አማትህ እኮ ናቸው።»

«ቢሆንም ተራ አለ።»

ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ከፊቱ የቆሙት ኮፍያቸውን በብብታቸው የያዙት ካፒቴኑ ነበሩ፤ ቁጥራቸው ስድሳ ሁለት ነው። ለሣህሉ ስድሳ ሦስት ደረሰው። ሰልፉ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ከፊት «ክፈት»፣ «ክፈቺ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የጡረተኞቹ ሰብሳቢ ቃሉን ከቀደሙት ለምዶ ለኋለኞቹ ያስተምራል። ሣህሉ የገበታውን ዳቦ ሲቆጥር አሥር ነበር፤ ከዚያ አምስት፤ አለቃው ከወጥ ቤት ሌላ አለመኖሩን በጆሮ ሲያንሾካሹክ ሰማ። ካፒቴኑ የመጨረሻውን ዳቦ፣ የመጨረሻውን ሳልሞን ጎረሱና ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ቀና አሉ።

«እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ተራዬ ደርሶ ነው፣ እሜቴ» አለና ቁጥሩን አሳያቸው። በሌላው እጁ ፖስታዎቹን ይዟል።

ቁጥሩን አዩ፤ ፖስታዎቹን አዩ። ገበታውን አዩ፤ ባዶ ነው። ስድሳ ሁለቱ በሙሉ ዳቦ ማለቁን ያውቁ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ቦርሳቸውን ከፍተው መሐረቡን አወጡ። ከዚህ ሰው ስስት ልጃቸውን ሊያተርፉ የቋጠሩትን እንቁላል ፈቱ።

«ወረቀቱን አስቀምጠው» አሉ።

ሣህሉ ቃሉን ሁለት ጊዜ በልቡ ሰማው። «ያስቀምጡት» አላሉም። ከፊቱ «ያ» ወድቋል፣ ከኋላው «ጡት» ወድቋል፤ በመካከል እሱ ብቻ ቀርቷል።

ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አፍህን ክፈት።»

እንቁላሉ ሙሉ ነበር። ሲገባ ጉንጩ ሁለቱም በኩል ተነፋ። ሳይውጥ ከሁለተኛው ግማሹን ጨመሩለት፣ ከዚያ የቀረውን ግማሽ። እጃቸውን ትከሻው ላይ እንዳኖሩ ልጃቸውን በዓይን ጠርተው አጠገቡ አቆሟት።

«ወልዳችሁ ሳሙ» አሉ። «እንጀራችሁን አይንሳችሁ። ይህን የሰው አሳቢ ልቡን አይለውጥብሽ። ለራሱም መብላት ያስተምረው።»

አሜን ማለት ነበረበት። ስምንት ወር የጠበቀው ምርቃት ነው። አፉ ግን በእንቁላል ተሞልቶ አልላወስ አለ፤ ሮማነወርቅም እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ድምፅ አልወጣላትም። በዚህ ጊዜ ካፒቴኑ ምርቃት መሆኑን ከወይዘሮዋ እጅ አኳኋን ተረድተው ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «አሜን» አሉ። ቃሉ ተርጓሚ አላስፈለገውም። ከኋላቸው ስድሳ አንዱ አሜን አለ፤ ሒሳብ ሹሙ ጭምር።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ተቀመጡ። «ከአሥራ አንዱ ስንት ተረፈ?»

ሣህሉ እንደምንም ዋጠ። «ሁሉም አለ፣ እሜቴ። ማንም አልወሰደም።»

«እንግዲህ ለእኛ ይበቃል» አሉና ሳህናቸውን ወደ ድንቹ አስጠጉ። ድንች አላለቀም ነበር። ደህና አድርገው በሉ። በማግሥቱም ቁርስ ላይ፣ ጉርሻ የለም በተባለበት ገበታ፣ ለሁለቱም አጎረሱ።

ሰኞ ጠዋት ሣህሉ ሶልና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ላጲስ ያዘ። ገንዘቡን አውጥቶ ለሮማነወርቅ ሰጥቷታል። «ለአስተናጋጅ» የሚለውን አጠፋ፣ «ለአልጋ አንጣፊ» የሚለውን አጠፋ፣ ቀስ እያለ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በአንድ በኩል ብቻ እየሳበ። «ለሻንጣ ተሸካሚ» የሚለው ጠንክሮ ተጽፎ ኖሮ ትንሽ አስቸገረው።

«ሣህሉ» አሉ ከወዲያ ክፍል፣ ያለ አቶ። «ና እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው።»

«መጣሁ፣ እሜቴ።»

የመጨረሻውን አጠፋ። የላጲሱን ፍርፋሪ በመዳፉ ጠርጎ በመስኮት አራገፈ፣ አሥራ አንዱን ፖስታ አስተካክሎ በክር አሠረ፣ መሳቢያው ውስጥ ከላጲሱ ጋር አኖረና ዘጋው።