በድንጋዩ ፊት የተነበበው ቁጥር

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ከላቦራቶሪያችን ጀርባ ባለው የመታሰቢያ ድንጋይ ፊት ቆሜ ለምርመራ የሞቱትን እንስሳት ቁጥር የማነበው እኔ ነኝ። ድምፄ ስለሚያምር አይደለም። ስድስት ዓመት በላቦራቶሪው አይጥ ቤት ሠርቼ የአይጥ አንገት ስሰብር ስለኖርኩ፣ አንቺን ይሰሙሻል ብለው ሰጡኝ። እነማን እንደሚሰሙኝ ግን የነገረኝ የለም።

ከዚያ ቤት ያወጣችኝ እትዬ ሄሱክ ናት። የጉበት ክፍል ኃላፊ ናት፣ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ያኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ቤት ወሰደችኝና፣ ከራሷ ሳህን ሥጋውን ወደ እኔ ሳህን እያሻገረች፣ «ኦክጁ፣ ነይ ከእኔ ጋር ሥሪ። እኔ እያለሁ ከእንግዲህ አንዲትም አይጥ በእጅሽ አትሞትም» አለችኝ። አመንኳት። እናቴንም ያን ያህል አምኜ አላውቅም።

የእሷ ክፍል እንስሳ አይነካም። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ የሰው ጉበት ይመጣልናል፤ ሴሎቹን ለይተን ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ እንክብሎች እስኪሆኑ እናሳድጋለን። የሚመረመረውን ኬሚካል ጠብ እናደርግባቸዋለን። ጉበት የሚጎዳ ከሆነ እንክብሎቹ ይጠቁሩና ይፈራርሳሉ። የሚጮህ የለም፣ የሚነክስ የለም። እሑድ እሑድ እንኳ ሄጄ ምግባቸውን እቀይር ስለነበር፣ ባል ብታገቢ ይሻልሽ ነበር እያሉ ሲቀልዱብኝ ነው የኖሩት። በሥነ ሥርዓቱ ቀን፣ በዓመቱ ውስጥ በእንስሳ ሞት እጁ ያለበት ሰው ለድንጋዩ ማኮሊ የሚባለውን የሩዝ ጠላ ቀድቶ ሁለቴ ይሰግዳል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ «የጉበት ክፍል፣ ምንም» ብዬ አንብቤ፣ ሳልቀዳ ዘወር አልኩ። ያቺን «ምንም» ስል ደረቴ ይነፋ እንደነበር አልደብቅም።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ድርጅት ውፍረት የሚቀንስ ኪኒን ሊሠራበት ያሰበውን ዱቄት ላከልን። በአሥራ አራተኛው ቀን እንክብሎቼ በሙሉ ረገፉ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቴም ያው። ሪፖርቱን ለእትዬ ሄሱክ ስሰጣት ሰው አዳንሽ ብላ አመሰገነችኝ። ሰኔ ላይ ደግሞ ከዚያው ዱቄት አርባ ጠርሙስ በጥብጪልኝ አለች። ለእኛ ሥራ ጠብታ ይበቃል፤ አርባው በዛብኝና ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሌላ ላቦራቶሪ የእኛን ሥራ ደግሞ ሊያረጋግጥ ነው ብላ በጥርጣሬዬ ሳቀችብኝ። በጠበጥኩ፣ በየጠርሙሱ ላይ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ፣ አስረከብኳት።

ለድንጋዩ የሚነበበውን ቁጥር የሚጽፉት ጋሼ ፕዮ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አይጥ ቤቱን ጠብቀው ጡረታ ሊወጡ ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። ለአለቆች በሚሄደው ወረቀት ላይ ምን ተጻፈ ምን ግድ የላቸውም። ለሙታን ከሚነበበው ላይ ግን ማንም ቢያዛቸው አንዲት አይጥ አይቀንሱም። ይህን እትዬ ሄሱክ ረስታው ነበር።

ዘንድሮም ካሮቱ፣ ፖሙና አንድ ሳህን የአይጥ መኖ ተደርድሮ፣ ሁላችንም ነጭ ጋውናችንን ለብሰን ቆምን። ጋሼ ፕዮ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝና ማንበብ ጀመርኩ። የኩላሊት ክፍል፣ ሁለት መቶ አሥር። የቆዳ ክፍል፣ ሠላሳ። የጉበት ክፍል አልኩና በልማዴ «ምንም» ልል አፌን ስከፍት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ዘጠና ስድስት ነው።

ቀና ስል የእትዬ ሄሱክ ዓይን እኔው ላይ ነበር። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ እለፊው ማለቷ ነው። እሱ ነው የገደለኝ። ቁጥሩ ስህተት ቢሆን ኖሮ ትደነግጥ ነበር እንጂ አትለምነኝም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ አወዳደቁ እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር።

«የጉበት ክፍል፣ ዘጠና ስድስት» አልኩ።

ሰዉ ለመቅዳት ሲሰለፍ እትዬ ሄሱክ ወደቆመችበት ዛፍ ሥር ሄድኩ። ሳልጠይቃት ትናገር ጀመር። ድርጅቱ በሳህን ውስጥ የሞተ ሴል አላምንም፣ የአይጥ ማስረጃ አምጪ ብሏት፣ እምቢ ብትል ክፍሉ ሊዘጋ፣ እኔም ልባረር ነበር። ለእኔ ብላ ነው ያደረገችው። እንዲህ ያለ ውለታ ለጠላቴም አይዋል።

«የአይጦቹ ጉበት ምን ሆነ?» አልኳት።

«ታርደው ሲታዩ ንጹሕ ነው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«የእኔ ሪፖርትስ?»

«ለድርጅቱ የገባው የአይጦቹ ውጤት ብቻ ነው፣ ኦክጁ።»

የአይጥ ጉበት የሚችለውን መርዝ ሁሉ የሰው ጉበት እንደማይችል ያስተማረችኝ እሷው ናት። አሁን ዘጠና ስድስቱ የሞቱት በእንክብሎቼ ላይ በሐሰት ሊመሰክሩ ነው፤ ኪኒኑን የሚውጠው ደግሞ ሰው ነው። 

ይህን ጊዜ ጋሼ ፕዮ ጽዋ ይዘው መጡና ተራሽ ነው አሉኝ። እኔ ዘንድሮም አልገደልኩም አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«ልጄ፣ ለአይጦቹ የሰጠናቸው እኮ አንቺ የበጠበጥሽውን ነው» አሉኝ። «አርባውም ጠርሙስ ላይ ያለው የእጅሽ ጽሑፍ ነው። የምታውቂ መስሎኝ፣ እኔን ማየት አሳፍሯት ነው አይጥ ቤት ብቅ ሳትል የቀረችው እያልኩ ስከፋብሽ ከረምኩ።»

ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

«አንቺ አላወቅሽም፣ አይቆጠርብሽም» አለች እትዬ ሄሱክ።

«አንቺ ግን ታውቂ ነበር» አልኳትና ጽዋውን ዘረጋሁላት።

እጇን ከጋውኗ ኪስ አላወጣችም። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ሄጄ እኔው ቀዳሁ፤ ሁለቴ ሰገድኩ።