የቁም ክብደት

ሥጋ ሻጩ በአርባ ሰባት ዓመቱ ትምህርት ሊመዘገብ ሲሄድ፣ ቅጹ ላይ ከነበሩት ጥያቄዎች ላብ ያጠመቀው አንዱ ብቻ ነው፦ «የቀድሞ ሥራ»። እስክሪብቶውን ነከሰ፣ ጣሪያውን አየ፣ መጨረሻ ላይ «ነጋዴ» ብሎ ጻፈ። ውሸት አልነበረም። ግን የእንስሳት ጤና ረዳት ሊሆን የመጣ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሲያርድና ሲበልት መኖሩን በመጀመሪያው ቀን መናገሩ፣ ልጅ ሊያጭ ሄዶ ስለ ቀድሞ ሚስት እንደማውራት ነው ብሎ አሰበ።

ሱቁን የተረከበው የሚስቱ ወንድም ሊማር መሄዱን ሲሰማ ቢላዋ መሳሉን አላቆመም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አለ። ቆይቶም፣ «ለማንኛውም ጋሼ፣ ሽርጥህ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው» ሲል ጨመረበት።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ላም ናት። «አልበላ አለች፣ መላ የላትም» ተብላ ቄራ ደረሰች። ሆዷን ሲከፍተው ጆንያ ሙሉ ላስቲክና ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሥጋ መርማሪው እያለፈ፣ በጊዜው ያያት ሰው ቢኖር ትድን ነበር አለና ሄደ። ሥጋ ሻጩ ግን ከቃሉ ጋር ቀረ። የከብት በሽታ የሚባለውን ሁሉ በእጁ ያውቀዋል፤ ችግሩ፣ እሱ ሁልጊዜ የሚደርሰው አንድ ቀን ዘግይቶ ነው።

ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ መጽሐፉ ያን ያህል አላስፈራውም። ያስፈሩት ከብቶቹ ናቸው። ያረድኳቸው ከብቶች ደም ይሸታቸዋል፣ ያውቁኛል ብሎ አመነ። ስለዚህ ከተግባር ትምህርት በፊት እጁን እስከ ክንዱ በሎሚ ማሸት ጀመረ። መጀመሪያ የቀረባት ጊደር አስነጥሳ ወደ ኋላ ሸሸች። አወቀችኝ አለ፤ በማግስቱ ሎሚውን ሁለት አደረገው። ወይፈኑም አስነጠሰና ሸሸ። ሎሚው ሦስት ሆነ። «ፋዘር» እያሉ የሚጠሩት ልጅ እግር የክፍል ጓደኞቹ፣ «ፋዘር፣ ከዚህች ጋር ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፣ ግን ሁሌም ከሁሉም ኋላ። ሚስቱ ደግሞ ባዶውን የሎሚ ሰሃን እያየች፣ «እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አልታጠብክም» አለችው።

የተግባር ፈተናው ቀን ደረሰ። የወደቀ ሁለተኛ ዓመት አይገባም፣ ድጋሚም የለም። ፈታኟ ዶክተር በዕድሜ የትልቅ ልጁ እኩያ ናት፤ ቦት ጫማዋን እስከ ጉልበቷ አጥልቃ፣ መዝገቧን በብብቷ ይዛ በረቱ መሐል ቆማለች። አጠገቧ አንዲት ቦቃ ላም ታስራለች። ሌሎቹ ተማሪዎች አጥሩን ተደግፈው ያያሉ።

ላሟ ሲቀርባት አንገቷን አዞረችና አስነጠሰች። አለቀልኝ አለ በልቡ። ትንፋሹን ውጦ፣ እንደተማረው ጡጫውን ግራ ሽንጧ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ከውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተነሣና ጡጫውን ገፋው። ይህን ጨጓራ ሃያ ስድስት ዓመት አጥቦታል፣ ገልብጦታል፣ በባልዲ ተሸክሞታል። መንቀሳቀሱን ግን መጽሐፉ ነው የነገረው፤ በእጁ ሲያገኘው ክው አለ። ስንት ጊዜ እንደሚገፋው ሁለት ደቂቃ ቆጠረ።

ሦስት ጊዜ ነው አለ። ዶክተሯ ልክ ነው አለችና ጻፈች።

«አሁን ክብደቷን በዓይንዎ ይገምቱ። መድኃኒቱን የሚሰጧት በግምትዎ ልክ ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ ያኔ ገና ትከሻው ወረደ። ክብደት የእሱ ነው። ቄራ ውስጥ ከሚዛኑ ይልቅ የሱን ዓይን የሚያምኑ ነበሩ። ላሟን ከኋላዋ አንዴ አያትና፣ «መቶ ስልሳ ኪሎ» አለ። ለሃምሳ ኪሎ አንድ ሚሊ ስለሆነ መድኃኒቱን ሦስት ነጥብ ሁለት ብሎ እዚያው አሰላው።

ዶክተሯ ክብደትን በኪሎ የሚያሳየውን ሜትር በላሟ ደረት ዙሪያ አዞረችው፣ አነበበች፣ ቁጥሩን ለማንም ሳታሳይ በጣቷ ያዘችው።

«በጣም ተሳስተዋል» አለችው። «ይህን ቢሰጧት በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል እንጂ አይለቃትም። ከየት አመጡት?»

ሽርጡ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ታየው። «ዓይኔ ደክሟል» ቢል ያበቃ ነበር፤ በዕድሜ ለገፋ ተማሪ የሚታዘንበት ምክንያት ነው። ግን ሥራውን ደብቆ ገባ መባልን ይችለዋል፤ ክብደት አያውቅም መባልን አልቻለም።

«አልተሳሳትኩም፣ ዶክተር» አለ። «ቆዳዋን፣ ጭንቅላቷን፣ እግሯንና የሆድ ዕቃዋን ቀንሼ ነው።»

አንዱ ተማሪ ሊስቅ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ዶክተሯ እጆቹን አየች። ስንት ዓመት እንደሠራ ጠየቀችው፤ «ሃያ ስድስት» ብሎ መለሰላት። እስክሪብቶዋ መዝገቡ ላይ ቆሟል። አልጻፈችም።

«እሺ» አለች። «ከነነፍሷስ ስንት ናት?»

ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። እንደገና አያት፣ አሁን ከፊቷ ጀምሮ። ያወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰላት፤ የሚወዛወዘውን ጆሮዋን፣ ዝንብ ሲያርፍበት የሚንቀጠቀጠውን ቆዳዋን፣ እግሯን፣ ጡጫውን የገፋውን ሆዷን። ጊዜ ፈጀበት።

«ሦስት መቶ ሃያ አምስት። መድኃኒቱ ስድስት ተኩል።»

ዶክተሯ ጣቷን ከሜትሩ አነሣች። ሦስት መቶ ሃያ ሁለት ይላል። አንድ ነገር ጻፈችና መዝገቡን ዘጋችው።

«ቅጽዎ ‹ነጋዴ› ይላል፤ ሁለተኛ ዓመት ከመግባትዎ በፊት ነገ መዝገብ ቤት ሄደው ያስተካክሉት። ሎሚውንም ይተዉት፤ ከብት የሎሚ ሽታ አይወድም። ሲያስነጥሱብዎ አላዩም?»

ከዚያ መርፌውን አቀበለችው። ስድስት ተኩል ሞላው። ግራ እጁ ሳያዝዘው ሄዶ የላሟ አንገት ላይ አረፈ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያርፍበት በኖረው ቦታ። ቀኝ እጁም መርፌውን እንደ ቢላዋ ጨብጦ ተቻኮለ።

«ቀስ ይበሉ» አለችው ዶክተሯ። «እሷ እንደሆነች አትቸኩልም።»