የሄስተር ስኖውድሮፖች

ሄስተር አእምሮዋ ከከዳት ወዲህ ባሏ ዊልፍሬድ የበሩን ቁልፍ ከኪሱ አይለይም፤ ቢላዎቹንም ቆልፎባቸዋል። የጓሮውን ነገር ግን አላሰበበትም። ጓሮው የእሷ ነው፤ ሰው ከገዛ ጓሮው ይጠበቃል እንዴ?

ከዛፎቹ ሥር ያሉትን ስኖውድሮፕ የሚባሉ ነጫጭ አበቦች ዕድሜዋን ሙሉ ያራባቻቸው እሷ ናት። አበባው እንደረገፈ፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ፣ ትነቅልና ነጣጥላ ወዲያው ትተክላለች። ብርቅ የሆነውን ዓይነት ደግሞ ሽንኩርት የሚመስለውን ራሱን በምላጭ ሰንጥቃ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ታቆየዋለች። ከየስንጣቂው የስንዴ ፍሬ የምታህል ራስ ትበቅላለች፤ እስክታብብ ዓመታት ይፈጃል። ሄስተር መጠበቅ ታውቅበት ነበር።

በየካቲት አንድ ጠዋት ዊልፍሬድ ከእንቅልፉ ሲነቃ ወጥ ቤት ድስት ይንተከተካል። ሄስተር እጇ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሾርባ ትጠጣለች።

«ሽንኩርቱ ደቃቃ ነው እንጂ አይከፋም» አለችው።

ድስቱ ውስጥ የስኖውድሮፖቹን ራሶች አይቶ ክው አለ፤ መርዝ ናቸው። ሆስፒታል እስኪደርሱ አስመለሳት፤ ተረፈች። ሐኪሙ ግን «ሁልጊዜ አትተርፍም» አለው።

«ለምን አታጥርበትም?» አለችው ጎረቤቱ ብሬንዳ።

«ትዘለዋለች። ባለፈው የቄሱን አጥር ዘልላ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው ያገኘኋት።»

«እንግዲያው አበቦቹን ንቀላቸውና ዌልስ ላለች እህቴ እልካቸዋለሁ፤ እዚያ ድረስ ተከትላ አትሄድም» አለች ብሬንዳ።

ዊልፍሬድ ሲቆፍር ሄስተር መጥታ ከጀርባው ቆመች።

«እርስዎ፣ ባለቤቲቱን አስፈቅደዋል?»

በትዳር ዘመናቸው እርስዎ ብላው አታውቅም።

«አዎ፣ ፈቅዳለች» አላት።

«ታዲያ እንደዚህ አይነቀልም። አፈሩን ይዞ ይውጣ።»

ተንበርክካ ታሳየው ጀመር። ጣቶቿ ምንም አልረሱም፤ እየነጣጠለች በእርጥብ ጋዜጣ ትጠቀልላለች። እሱ ዕንባውን በክንዱ እየጠረገ አቀበላት። ድንገት ቀና ሲል ጉንጯ አብጧል።

«ትፊው፣ ሄስተር።»

ጥርሷን ነከሰች። በግድ አፏን ሲከፍት ጣቱን እስኪደማ ነከሰችው፤ የአበባውን ራስ ግን ከአፏ አወጣው።

«ባለጌ ነዎት» አለችው። «ባሌ ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

አበቦቹን ልትወስድ የመጣችው ብሬንዳ አቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት። ዊልፍሬድ ጣቱን በመሀረብ አስሮ፣ መሬቱ ባዶ እስኪሆን ቆፈረ። ማታ አጠገቡ መተኛት እምቢ አለች፤ እንግዳ ሰው ቤቴ ገብቷል እያለች እስኪነጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በመኸር ወራት መጦሪያ ቤት ገባች። ዊልፍሬድ ጓሮው ላይ ሣር ዘራበት።