የእማማ ቬርና ተከራይ

እማማ ቬርና አርማንድን "ተከራይ" ማለት ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፋቸው። አርማንድ በበኩሉ በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት አንዲት ክፍል እንኳ ከማንም ተከራይቶ አያውቅም። ቤቱ የእሱና የዌንደል ነው፤ ጣራውን አብረው መቱት፤ አልጋውም አንድ ነው። ይህን የከተማቸው የሃርትዌል ሰው ሁሉ ያውቃል። ፖስተኛው ያውቃል፣ ፓስተሩ ያውቃሉ፣ እማማ ቬርናም የዌንደል እናት ናቸውና ከማንም በፊት ያውቃሉ። ግን ሰው ፊት ሲሆን አፋቸው ወደዚያችው ቃል ይሮጣል። "ይሄ የልጄ ተከራይ ነው፤ ማሞቂያ ጠጋኝ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው" ይላሉ። ጨዋው ልጅ አምሳ አራት ዓመት ሞልቶታል።

እንግዲህ የጋብቻ መብት ቅስቀሳው ቢሮ ከፖርትላንድ ለዌንደል ደውሎ "ለቴሌቪዥን ማስታወቂያችን እናትህን መርጠናል" ሲል፣ አርማንድ የሚያሾፉበት መሰለው።

"እናትህን?" አለ ዌንደልን። "እማማ ቬርናን?"

"ሌላ እናት የለኝም።"

"ምን ሊሉ ነው? ተከራይ የማግባት መብት ይከበር?"

ዌንደል አንገቱን ደፋ። እሱም ቢሆን ታክቶታል። ከሦስት ዓመት በፊት የግዛታቸው የሜይን ምክር ቤት ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች መጋባት ይችላሉ ብሎ አጽድቆ ነበር። ደስታቸውን ሳይጨርሱ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሻረው። አሁን እንደገና ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ነው። ለዚህም ሁለቱ ክረምቱን ሙሉ በረዶ እየረገጡ፣ በር እያንኳኩ ፊርማ ሲለምኑ ከረሙ። አንዳንዱ ቤት አርማንድን ሲያይ ማሞቂያውን አሠርቶ ፊርማውን ከልክሎ ሸኝቶታል። ይህን ሁሉ ከለፉ በኋላ ቢሮው በጥናት አረጋገጥኩ ያለው ነገር ምን መሰላችሁ? ያልወሰነ ሰው ጥንዶቹን ሲያይ ይሸሻል፣ እናት ሲያይ ግን ልቡ ይራራል። ስለዚህ ጥንዶቹ አይታዩም።

"የኛ ሠርግ ነው፤ እኛ ግን አንታይም" አለ አርማንድ። "ይሁን፣ ለድምፁ ስል እችለዋለሁ። አንድ ነገር ግን ስማኝ። ከዛሬ ወዲያ እናትህ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ተከራይ ካሉኝ፣ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም። የእሁድ ምሳውም ይቅር፣ በረዶ መጥረጉም ይቅር፣ ማሞቂያቸውንም ሌላ ይይላቸው።"

"አርማንድ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው እኮ።"

"እኔስ ስንት ዓመት ልጠብቅ?"

አርማንድ ካለ አለ ነው። ዌንደል ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደውም።

የቀረጻው ዕለት እማማ ቬርና ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ አጠገብ ተሰየሙ። ብሪን የምትባለው የቅስቀሳው ልጅ ዕቃ ስታነሣ ስታስቀምጥ ቆየች። መጀመሪያ የአርማንድን ኮት ከመስቀያው አወረደች። ቀጥላ መኪናው በመስኮት እንዳይታይ ከጓሮ እንዲያቆመው ለመነችው። መኪናውን አቁሞ ሲመለስ ደግሞ ድምፅ ቀጂው የማሞቂያው ጉርምርምታ አስቸግሮት አገኘው።

"ይህን ማጥፋት የሚችል ሰው አለ?" አለች ብሪን።

"እሱ ያውቅበታል" አሉ እማማ ቬርና፣ በአገጫቸው እያመለከቱት።

አርማንድ ምድር ቤት ወርዶ ማሞቂያውን አጠፋ። ሊወጣ ሲል ብሪን ከላይ "ይቅርታ፣ ደረጃው ስለሚንቋቋ እዚያው ይቆዩልን" አለችው። እዚያው ቆየ። ምን ያድርግ? በገዛ እጁ የጠገነው ማሞቂያ አጠገብ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ። ሙቀት የሚወጣበት የወለሉ ፍርግርግ ከራሱ በላይ ስለሆነ፣ የእማማ ቬርና ድምፅ ጥርት ብሎ ይወርድለት ነበር።

"አርማንድ ወደ ቤታችን ከገባበት ቀን ጀምሮ ከልጄ ለይቼ አላየሁትም። ዓይኔ ሳይከደን ሲጋቡ ማየት እፈልጋለሁ።"

"ግሩም ነው" አለች ብሪን። "አንዴ ይድገሙልን።"

ደገሙ። ደግመው ደጋገሙ። ዘጠኝ ጊዜ አሉት፤ በዘጠነኛው ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠና ብሪን አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ። የማሞቂያው ማብሪያ ከአርማንድ ጉልበት አጠገብ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢጫነው ያ ሁሉ ማር ንግግር በጉርምርምታ ይዋጣል። እጁን ማብሪያው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ያ ሁሉ በር፣ ያ ሁሉ በረዶ ትዝ አለው። እጁን አነሣ።

ሲወጣ እማማ ቬርና ፊታቸው በርቶ ጠበቁት። "እንዴት ነበርኩ?"

"እማማ፣ ውሸት ያምርብዎታል።"

"በይ ያሉኝን ነው ያልኩት።"

"እኔም የምለው እሱን ነው።"

ማስታወቂያው ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ታየ። እማማ ቬርና ዝነኛ ሆኑ። ገበያ ሲወጡ የማያውቁት ሰው ያቅፋቸዋል፤ አንዳንዱም ፊቱን ያዞርባቸዋል። ድምፅ የሚሰጠው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከተማው ሁሉ አብሮ የሚበላው የቦሎቄ እራት ነበር። እማማ ቬርና ውሰዱኝ አሉ። አርማንድ አልሄድም ብሎ ነበር።

"እስካሁን ተከራይ አላሉህም እኮ" ሲል ለመነው ዌንደል።

"ሰው ፊት አልወጣንማ።"

ሄዱ። ገና ሳህናቸውን ይዘው ከመቀመጣቸው ሎይስ መጣች። ሎይስ የእማማ ቬርና የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ደጇ ላይ "ድምፃችን ተቃውሞ ነው" የሚል ሰሌዳ ተክላለች። ከሌላ ከተማ የመጣች የወንድሟን ሚስት አስከትላለች።

"እርስዎ የቴሌቪዥኗ እናት አይደሉም?" አለች እንግዳዋ። ወደ አርማንድ ዞር ብላም "ይሄኛውስ?" ብላ ጠየቀች።

"ይሄማ የዌንደል ተከራይ ነው፤ ማሞቂያ..." አሉ እማማ ቬርና፤ አሉና ቀጥ አሉ። ቃሉ ወጥቷል።

ሎይስ ሳቀች። "ቬርና፣ በቴሌቪዥን እንዲህ አላልሽም። ወይ ያኔ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን።"

አርማንድ ሳህኑን አስቀምጦ ኮቱን አነሣ። ዌንደል አንድ ጊዜ እናቱን፣ አንድ ጊዜ እሱን አየ። ከዚያ የራሱን ኮት አነሣ።

"ቁጭ በሉ" አሉ እማማ ቬርና።

"አልቀመጥም፣ እማማ" አለ አርማንድ። "ተከራይ ሲመረው ይለቃል።"

እማማ ቬርና ልጃቸው ኮቱን ሲቆልፍ አዩት። ዌንደል በዕድሜው ጥሏቸው ሄዶ አያውቅም። አርባ ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ የዋሸ ልጅ ጆሮ ሲቆነጥጡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጆሯቸውን የተቆነጠጡትም አሁን አርጅተው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

"ሎይስ እውነቷን ነው፤ ዋሽቻለሁ" አሉ። "የዋሸሁት ግን በቴሌቪዥን አይደለም። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። እናንተም ውሸት መሆኑን እያወቃችሁ ቦሎቄ ስትጨምሩልኝ ኖራችኋል። ይሄ ሰው ተከራይ አይደለም። የልጄ ባል ነው።"

"ባል አይደለም፤ ሕጉ አይልም" አለች ሎይስ።

"አይልማ። ማክሰኞ ሄዳችሁ ሕጉን አስብሉት። በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ውሸታም እንዳታደርጉኝ።"

አርማንድ አንድ እጁ ኮቱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ቆሟል። ቃሉን ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቆታል፤ ሲመጣም ከነቁጣው መጣ። ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ፤ ዌንደልም ከጎኑ ተቀመጠ። ሎይስ ጭልፋውን አንሥታ አርማንድ ሳህን ላይ ቦሎቄ ጨመረችለት። ማክሰኞ ምን እንደምታደርግ ከፊቷ ማንበብ አይቻልም ነበር።

እማማ ቬርና እንግዳዋን እጇን ይዘው አቀረቧት። "በይ እንግዲህ ተዋወቂው። አርማንድ ይባላል፤ የልጄ ባል ነው፤ ማሞቂያ ጠጋኝ ነው።"

"ጨዋ ልጅ የሚለውን ረሱት" አለ አርማንድ፣ ድምፁ እየሻከረ።

"እናት እያናገረችው ኮቱን የሚያነሣ ጨዋ አላውቅም" አሉት። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"