ለዓይን የሚሆን ሐረግ

የጫካ ሐረግ እርጥብ ሳለ ይታሰራል፤ እንጨቱን የሚነክሰው ታስሮ ሲደርቅ ነው። በሸካዋ ማሻ ከተማ፣ ጫካ ዳር ላደገው ለኤልያቄም ይህ ትምህርት አይደለም፤ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል እንደማለት ነው። ለቡ ግን ሌላ አገር ነው።

ለቡ ላይ የባህል ምግብ ቤት የሚከፍተው አቶ ጌቱ፣ ሚስማር የማይነካው ትልቅ ጎጆ እንዲሠራለት ነበር ኤልያቄምን ያስመጣው። ኤልያቄም በገዛ እጁ የቆረጠውን ሐረግ በኮባ ጠቅልሎ አመጣ። በሦስት ሳምንት የጎጆውን ክዳን ግማሽ አሰረ፤ የተረፈውን ሐረግ በርሜል ውስጥ ነክሮ እሁድን ጸሎት ቤት ዋለ።

ሰኞ ጠዋት በርሜሉ ባዶ ነው። ሐረጉ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል።

«ጋሼ፣ ሊበሰብስብዎት ነበር፤ ደረስኩለት» አለች ዲኮር የምትሠራው ፅጌረዳ፣ ብሩሿን እንደያዘች። «አላማረም?»

አንዱን አንስቶ አጠፍ አደረገው። እንደ ብስኩት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ጌቱ ስልኩን ሳይዘጋ መጣ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? የክዳኑን ወራጅ እንጨት በሽቦ እናስረዋለን፤ ሐረጉ ከላይ ይጠመጠማል። ለዓይን ነው እኮ!»

«እናቴ እኔን አዝላ በሐረግ ድልድይ ወንዝ ተሻግራለች። ለዓይን ብለው አላሰሩትም።»

«እኔ ምግብ ቤት ውስጥ ወንዝ የለም።»

«ለእንግዳህስ ምን ልትለው ነው?» ሦስት ሳምንት «እርስዎ» ሲባል የከረመው ጌቱ «አንተ» ሆነ።

«በሐረግ ብቻ የታሰረ፤ አሳሪው ጋሼ ኤልያቄም፣ ከሸካ! ከነፎቶዎ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን።»

«ሽቦውን በኔ ስም?»

«ደግሞ ጴንጤ ይቆጣል እንዴ?»

«ጌታም ገመድ ገምዶ ነው ነጋዴዎቹን ከመቅደስ ያባረረው» አለ ኤልያቄም። «ገመዱን ግን ቫርኒሽ አልቀባውም።»

መሰላሉን ወጣ። የደረቀ ሐረግ አይፈታም፤ ይቆረጣል። «ገለል በሉ!» ብሎ በቢላዋው ከጫፍ ጀመረ። ወራጆቹ ተራ በተራ ወረዱ።

«ንብረቴን! ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ጥራ። እንጨትህን ይቁጠርልህ፤ አንድም አልጎደለም። ሐረጉና ስሜ ግን የኔ ናቸው።»

የሦስት ሳምንት ሥራ ከምሳ በፊት መሬት ላይ ተዘረጋ። ቁርጥራጩን ሐረግ ጆንያ ውስጥ ጠቀጠቀው። ፅጌረዳ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ በሩ ድረስ ተከተለችው።

«ጋሼ፣ እኔ ለመርዳት ብዬ ነው። ምን አጠፋሁ?»

ሊያጽናናት ፈልጎ ነበር፤ ንዴቱ አላስችለው አለ።

«መጠየቅ ብሩሹን ሳታነሺ ነበር» አላትና ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ታክሲ ተራ ሄደ።