ሶላንዥ ወደ ግቡ የተመለሰችበት ቅዳሜ

የመጀመሪያዋ ግብ ጠባቂያችን በየካቲት ጉልበቷን ተጎዳች። ሁለተኛዋ፣ ካሚይ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው ጆሮ ደግፍ ያዛትና ፊቷ እንደ ዱባ አብጦ ተኛች። ሦስተኛ አልነበረንም። የቫልድሩ የሴቶች እጅ ኳስ ክለብ ደመወዝ የሚከፍላቸው አሥራ አራት ተጫዋቾችና ኢልዲኮ የምትባል አንዲት ሃንጋሪያዊት አሠልጣኝ ብቻ ናቸው፤ ሌላው እንደኔ በነጻ የሚያገለግል ጡረተኛ ነው። እኔ ድሮ ፖስተኛ ነበርኩ። አሁን በጨዋታ ቀን የአዳራሹን ማይክ እይዛለሁ።

ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሮክማር ቡድን ጋር አቻ እንኳ ብንወጣ በአንደኛው ዲቪዚዮን እንቆያለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ግቡ ላይ የሚቆም ሰው ግን የለም።

የክለቡ ፕሬዚዳንት ኩዌኖ የዚያኑ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ መጣ። እኔም አይብ ልገዛ ከሶላንዥ ቪዩማን መደብ ፊት ተሰልፌ ነበር። ሶላንዥ አሥራ ስምንት ዓመት ግባችንን ጠብቃ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ ያቆመች ናት። ሐሙስ ሐሙስ ከአንጋፋዎቹ ጋር ላብ ለማውጣት ያህል ስለምትጫወት የተጫዋችነት ፈቃዷ አልተቋረጠም። ከኩዌኖ ጋር ግን አይነጋገሩም። በስንብቷ ቀን ንግግር ሲያደርግ ሦስት ጊዜ «ውድ ሲልቪያችን» ብሏታል።

ኩዌኖ ሁላችንንም አልፎ መደቡ ላይ ተደገፈ።

«ሶላንዥ፣ ላናግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«ስሜን አወቅከው ማለት ነው። ወረፋ ያዝ።»

«አስቸኳይ ነገር ነው እኮ።»

«ማዳም ዣንሮም ለአስቸኳይ ነገር ነው የመጡት።»

ማዳም ዣንሮ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። አንድ አይብ ለመግዛት አምስት ይቀምሳሉ፤ የዚያን ዕለት ሰባት ቀመሱ። ኩዌኖ ከኋላዬ ቆሞ እንደ ደከመ በሬ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ተራው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ግብ ትጠብቂልናለሽ ወይ?» አላት። ዝቅ ማድረጉ ትርፍ ነበር፤ ገበያው በሙሉ ጸጥ ብሎ እየሰማ ነው።

ሶላንዥ ቢላዋዋን ቀስ ብላ ጠረገች።

«ገበያው የሚያበቃው በዘጠኝ ሰዓት ነው። መደቤ ላይ ማን ይቁም?»

«ሰው እፈልግልሻለሁ።»

«ሰው መፈለግ ምን ያደርጋል፣ አንተ አለህ አይደል።»

ሽርጧን አውልቃ አንገቱ ላይ አጠለቀችለትና ሄደች።

ኩዌኖ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ አይብ ቆርጦ አያውቅም። ሩብ ኪሎ ሲሉት ግማሽ ኪሎ ይቆርጣል፤ ሲቀንስ ደግሞ ለድመት የሚሆን ፍርፋሪ ይተርፋል። ማዳም ዣንሮ ለዚሁ ሲሉ ሁለተኛ ተሰለፉ።

«ሞንሲዬር ኩዌኖ፣ ቡድኑንም እንዲህ ነው የሚመሩት?» አሉት፤ ከዚያም ያስቀምሱኝ አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ኢልዲኮ ሶላንዥን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ኢልዲኮ የእኛን ቋንቋ የምትናገረው በቁርጥራጭ ነው።

«ዓመት ስንት?»

«አርባ አምስት።»

«ጉልበትስ?»

«ሁለት አለኝ።»

«ጥሩ» አለች ኢልዲኮ፣ ሌላ ምን ትበል።

የካሚይ ማልያ አጥሮ ሶላንዥን እምብርቷ ላይ ስለቀረባት ከውስጥ የሐሙሱን ካናቴራዋን ደረበች። እኛ ዘንድ እኔ የተጫዋቿን ስም ስጠራ ተመልካቹ የቤተሰቧን ስም ይመልሳል። «ሶላንዥ» ስል ሁለት ሺህ ሰው «ቪዩማን» ብሎ ሲመልስ የአዳራሹ ጣሪያ የሚነሳ መሰለኝ። ኩዌኖ ሽርጡን ሳያወልቅ ነው የደረሰው፤ አይብ አይብ ስለሚሸት ከግራውም ከቀኙም ያለ ወንበር ባዶ ቀረ።

የመጀመሪያው አጋማሽ አሳፋሪ ነበር። ሮክማሮች አሥራ ስድስት አገቡ፣ እኛ አሥራ ሁለት። ሶላንዥ ያዳነችው ሁለት ኳስ ነው፤ አንዱን በጀርባዋ፣ ያውም ሳታየው። በእረፍት ኢልዲኮ ጠርታት፣ «አትንቀሳቀሺ። አንቺ ስትንቀሳቀሺ ኳስ ይገባል» አለቻት።

ሶላንዥ ስለዚህ ቆማ ወሬ ጀመረች። የሮክማር ዋና አግቢ ማኤቫ ቡርዳን የእኛው ከተማ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር አይብ ልትገዛ ትመጣ ነበር። ማኤቫ የሰባት ሜትር ቅጣት ልትወረውር ክንዷን ስታነሳ ሶላንዥ ከግቡ፣ «እናትሽን ወገቧን ተሻላት?» አለቻት።

ማኤቫ ደግሞ ጨዋ ልጅ ናት። «ትንሽ ተሽሏታል፣ እትዬ ሶላንዥ» ብላ ወረወረች። ኳሱ ቋሚውን መታ።

በሚቀጥለው ቅጣት፣ «ያ መሐንዲሱ ልጅስ?» አለቻት።

«ተለያየን» አለች ማኤቫ፤ ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ሄደ።

ዳኛው መጣ። «ማዳም፣ ወሬውን ይተዉት።»

«ሰው ደህና ነሽ ወይ ማለት ክልክል ነው?»

«እዚህ ውስጥ፣ አዎ።» ቢጫ ካርድ አወጣላት።

በዚህ መሃል የእኛ ልጆች ልዩነቱን አንድ በአንድ እየቀነሱ ደርሰው ነበር። ሃያ ስድስት ለሃያ ስድስት ሆንን፣ ሰዓቱም አለቀ። አለቀ ስንል ዳኛው ለሮክማር የሰባት ሜትር ቅጣት ሰጠ። ከገባ ወረድን።

ማኤቫ ኳሱን ይዛ ቆመች። ሶላንዥ አፏን ገጥማ ዝም አለች። ዳኛው ነፋ። ማኤቫ አሁንም ቆማለች፤ የሆነ ጥያቄ የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ሲቸግራት ባለ በሌለ ኃይሏ ወረወረች። ሶላንዥ ወደ ግራ ዘለለች፣ ኳሱም ወደ ግራ መጣ። እጆቿ አልደረሱም፤ ግንባሯ ደረሰ።

ኳሱ ተመልሶ መሃል ሜዳ ድረስ ተንከባለለ። እኔ የጨዋታውን ውጤት መናገር ሲገባኝ ማይኩን ይዤ አለቀስኩ፣ ለቅሶዬም በአሥራ ሁለቱ ድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ተላለፈ። ማኤቫ ሮጣ መጥታ ሶላንዥ አጠገብ ተንበረከከች።

«እትዬ ሶላንዥ፣ ገደልኩዎት?»

«ኧረ አዳንሽን እንጂ» አለች ሶላንዥ፣ ወለሉ ላይ እንደተዘረረች። ተጫዋቾች ኳሱ እንዳያመልጣቸው የሚቀቡት ሙጫ ከፀጉሯ ጋር ተጣብቆ ለማስለቀቅ የክለቡ ወጌሻ ሩብ ጠርሙስ ዘይት ፈጀበት።

እሑድ ሶላንዥ አንድ ዓይኗ ተዘግቶ አልጋ ላይ ዋለች። ኢልዲኮ በድስት ሙሉ በርበሬ የበዛበት የሥጋ ሾርባ ይዛ መጣች። አብረው በሉ።

«አንቺ ጥሩ ግብ ጠባቂ አይደለሽም» አለች ኢልዲኮ በመጨረሻ። «ድሮ፣ አዎ። አሁን፣ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ካሚይ አያውቅም ምንም። አንቺ ያውቃል ብዙ። ሰኞና ረቡዕ አስተምሪልኝ።»

ሶላንዥ ስትስቅ ፊቷን ስላመማት በእጇ ደግፋ ሳቀች። ከዚያ ሳህኗን ዘረጋች፤ ኢልዲኮም ጨመረችላት። በመስከረም ሰኞ ቀን በአዳራሹ በር ሳልፍ ካሚይ ስትለማመድ፣ ሶላንዥ ደግሞ ስትቆጣት ሰማሁ።