የዶሮ ቀልብ፣ የአጎት ቀልብ

ተመራማሪዋ ሦስት ዓመት ሙሉ መከራዋን ያየችው አንዲት ነገር ለማስረዳት ነው፤ ቀልብ ከእንቁራሪት ጀምሮ እያደገ እያደገ ሰው ላይ መድረሱን። የመመረቂያ ጽሑፏ ምዕራፍ አራት የሚለው ይህንኑ ነው። ዛሬ በሦስት ፈታኞች ፊት በተግባር ካላሳየች ዶክተርነቱ ቀረ ማለት ነው። እናቷ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ እንዲጠራት ካስለመዱት ቆዩ!

ፈተናው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ አለ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማን ምን ያህል ጊዜ እንዳየው ዓይን የሚከታተል ካሜራ ይቆጥራል።

እንቁራሪቷ ነጥቡን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። ለእሷ ያልተንቀሳቀሰ ነገር እንደሌለ ነው። ዶሮዋ ግን ጉድ አፈላች። አንገቷን አጣማ፣ አንድ ዓይኗን ነጥቡ ላይ ተክላ አምስት ደቂቃ ቆመች። ጥሬ መስሏት ይሁን ማን ያውቃል!

«ሰው ገና አልቀረበም» አለች ተመራማሪዋ እየሳቀች። ሳቁ ግን ካንገት በላይ ነበር።

ሰው ሆነው የቀረቡት አጎቷ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ፣ አንዲት ብሎን ሲያዩ መተንፈስ የሚረሱ። የመረጠቻቸውም ለዚሁ ነው።

«ጋሼ፣ አደራ! ነጥቡን ብቻ ይዩ። ከተናገሩ ፈተናው ይሰረዛል።»

ጋሼ አራት ሰከንድ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ወለሉ ወረደ። እሷ በጣቷ ወደ ነጥቡ ስትጠቁማቸው፣ እሳቸው በዓይናቸው ወደ ወለሉ ይጠቁሟታል። ቅንድባቸውን ሰቀሉ፣ አፈጠጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ላብ አጠመቃቸው። አምስት ደቂቃው በዚሁ አለቀ።

«ዶሮ አምስት ደቂቃ፣ ሰው አራት ሰከንድ» አሉ ሰብሳቢዋ ፈታኝ መነጽራቸውን እያወለቁ።

የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው። እንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«አሁን መናገር ይቻላል?» አሉ ጋሼ። «አንቺ ልጅ! ባንድ እግርሽ ቆዳ ጫማ፣ በሌላው የቤት ነጠላ ጫማ አድርገሽ እኮ ነው የመጣሽው!»

ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። እውነትም። ቀልብ ሲያጠኑ የኖሩ አራት ምሁራን ከጠዋት ጀምሮ ልብ አላሉትም።

«ታዲያ ነጥቡስ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ነጥቡን ዶሮዋ ትየው! እሷ ሰው ፊት የምትዋረድባት የእህት ልጅ የላትም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ምዕራፍ አራትን ገልጠው ዳር ላይ ጻፉበት፦ «አልፋለች። ይህ ምዕራፍ ግን ከአጎትየው ተጀምሮ እንደገና ይጻፍ።»